የጫካ ዘር በጆንያ አይከርምም፦ በዞናችን የደን ችግኝ ሥራን ለሚመሩ ኃላፊ የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ቀን፦ ነሐሴ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዞኑ የደን ችግኝ ሥራ ኃላፊ
ጅማ

ጉዳዩ፦ በደን ጥላ ሥር የሚበቅሉ ተክሎች የዘር አያያዝ፣ የችግኝ አፈላልና የተከላ መመሪያ እንዲታረም ስለመጠየቅ

የተከበሩ ኃላፊ ሆይ፤

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍልዎ በጅማ ዙሪያ ባሉ ወረዳዎች ከደን ዘር እየለቀምን፣ ችግኝ እያፈላንና እያስረከብን የምንተዳደር የአንድ ማኅበር አባላት ነን። አብዛኞቻችን ሴቶች ነን። ከመካከላችን ጫካውን ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁ ሽማግሌዎች አሉ፤ ከእርሻ ኮሌጅ ተመርቀው ሥራ ያጡ ወጣቶችም አሉ። በዚህ ዓመት ኅዳር ወር የወጣው የችግኝ ሥራ መመሪያ ያደረሰብንን ጉዳት በስብሰባ ላይ በቃል፣ ከዚያም ሁለት ጊዜ በማመልከቻ አሳውቀናል። መልስ ስላላገኘን ጉዳዩን ሌላውም ሰው እንዲያውቀው በግልጽ ለመጻፍ ተገደናል።

መመሪያው ሲጨመቅ እንዲህ ይላል። ማናቸውም የደን ዘር በደንብ ደርቆ፣ ተመዝኖና በጆንያ ታስሮ እስከ ጥር መጨረሻ ወደ መጋዘን ይግባ፤ በየካቲት ለችግኝ ጣቢያዎች ይከፋፈል፤ በ60 ቀን ውስጥ ያልበቀለ መደብ ተገልብጦ ሌላ ይዘራበት፤ በሰኔ ርክክብ ቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር ያልሞላ ችግኝ አይቆጠር፤ በደን ውስጥ የሚተከልበት ቦታ አስቀድሞ ተመንጥሮ ይጽዳ። ወረቀቱን ብቻ ለሚያነብ ሰው ሥርዓት ያለው ሥራ ይመስላል፤ ለስንዴና ለበቆሎ ተብሎ የወጣ ቢሆን ኖሮ እኛም ባልተቃወምነው ነበር።

የመጀመሪያውና ትልቁ ቅሬታችን የዘሩ አያያዝ ነው። ዘር ሁሉ አንድ ጠባይ የለውም። እህልና ጥራጥሬ፣ ከዛፎችም እንደ ግራርና ዋንዛ ያሉት፣ ሲደርቁ ያንቀላፋሉ እንጂ አይሞቱም፤ ዝናብ እስኪመጣ ወይም ሰው እስኪዘራቸው ይጠብቃሉ። ጥላና እርጥበት በማይለየው ደን ውስጥ የሚኖሩ ብዙ ተክሎች ግን ዘራቸውን የሚጥሉት እርጥብ ቅጠል ላይ ወድቆ ሳይውል ሳያድር እንዲያጎነቁል ነው። የደን ዛፎች የሆኑት የቀረሮና የዶቅማ ዘር ከፍሬው ሲወጣ ውስጡ ውኃ ያዘለ ነው፤ ያ ውኃ ሲወጣ የዘሩም ሕይወት አብሮ ይወጣል። የጥቁር እንጨት ዘርም ቢሆን በመጋዘን ብዙ ወራት አይቆይም። የዘር ሳይንስ ደርቆ የሚቆየውን ዘርና ድርቀት የሚገድለውን ዘር እ.ኤ.አ. በ1973 በየስማቸው ለይቷቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1990 ደግሞ የአረቢካ ቡና ዘር ከሁለቱም ሳይሆን በመካከላቸው የሚውል ሦስተኛ ወገን መሆኑ ታውቋል፤ መጠነኛ ድርቀት ይችላል፣ ነገር ግን እንደ እህል ደርቆና በጎተራ ተቀምጦ ለዓመታት አይቆይም።

የደረሰብን ይኸው ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ከደን የለቀምነውን የዘር ቡና እንደ ልማዳችን ቀይ እሸቱን ብቻ መርጠን፣ ልጠን፣ አጥበንና ተንሳፋፊውን ጥለን በጥላ ሥር በሽቦ አልጋ ላይ አሰጣነው። ተቆጣጣሪው መጥቶ «እርጥብ ዘር አልረከብም» አለን። ለውጭ ገበያ የሚቀርብ ቡና እርጥበቱ ወደ 11 እና 12 በመቶ ገደማ እስኪወርድ እንደሚደርቅ ሁሉ፣ የዘሩም ቡና በጥርስ ሲነከስ እስኪጮህ ድረስ ፀሐይ ላይ እንዲሰጣ ታዘዝን። ከዚያ ከቀረሮው፣ ከዶቅማውና ከጥቁር እንጨቱ ዘር ጋር ጆንያ በጆንያ ላይ ተደርቦ በቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ከረመ። በየካቲት መጨረሻ ተመልሶ ሲመጣ ዘራነው፣ በሣር ሸፈንነው፣ ጠዋትና ማታ ውኃ አጠጣነው። የቡና ዘር ጊዜ ወሳጅ መሆኑን፣ ከአፈር ብቅ ለማለት ከአንድ ወር ተኩል እስከ ሁለት ወር እንደሚፈጅበት ስለምናውቅ አልተጨነቅንም ነበር። ከሁለት ወር በኋላ ከቡናው መደብ እዚህም እዚያም ጥቂት ቡቃያ ብቻ ታየ፤ ከቀረሮውና ከዶቅማው አንድም አልወጣም። አፈሩን ገልጠን ዘሮቹን በቢላ ስንከፍላቸው ነጭና ጠንካራ መሆን የነበረበት ውስጣቸው ቡናማ ሆኖ ተኮማትሮ አገኘነው። የሞተ ዘር ውኃ ስናጠጣ ነው የከረምነው።

በአንጻሩ በችግኝ ጣቢያው አጥር ጥግ፣ የጥበቃ ሠራተኛችን ልጆች ተቀምጠው ቀይ እሸት እየመጠጡ ፍሬውን በሚተፉበት እርጥብ ቦታ፣ ማንም ያልዘራው ቡና ችምችም ብሎ በቅሎ ነበር። ይህን ለተቆጣጣሪው አሳየነው። ፎቶ አነሳና ሄደ። በሪፖርቱ ላይ የሠፈረው ግን «ማኅበሩ ተገቢውን እንክብካቤ ባለማድረጉ» የሚል ነበር፤ ከክፍያችንም ላይ ተቀነሰብን።

የኮረሪማው ጉዳይ ከዚህም የባሰ ነው፤ ስንናገረው ስለሚያስቅ ብቻ ቀላል ተደርጎ እንዳይታይ እንለምናለን። ኮረሪማ ከዝንጅብል ወገን የሆነ፣ በእኛ ደኖች ጥላ ሥር ተወልዶ ጥላ ሥር የሚያረጅ ተክል ነው። ዘሩ በፍሬው ውስጥ በሚያዳልጥና በሚጣፍጥ ሽፋን ተጠቅልሎ ይገኛል። የበሰለው ፍሬ ተመርጦ፣ ሽፋኑ በአሸዋና በውኃ ታሽቶ ወዲያው ካልተዘራ ለመብቀል እጅግ ያስቸግራል፤ ስለዚህ ገበሬው አብዛኛውን ጊዜ በመሬት ውስጥ የሚሄደውን ግንዱን ከነቀንበጡ እየከፈለ ያባዛዋል። በመጋቢት ወር «የኮረሪማ ዘር» ተብሎ የተላከልን ጆንያ ሲከፈት ግን በገመድ እየተሰካ በገበያ የሚሸጠው፣ ጢስ የጠገበና የደረቀ የቅመም ኮረሪማ ነበር። ከእኛ መካከል አንዲት እናት «ይህ ለበርበሬ እንጂ ለመደብ አይሆንም» ብለው ቢናገሩም፣ የተላከ ዘር ሳይዘራ አይመለስም ተብለን ዘራነው። መደቡ እንደ ተዘራ ባዶውን ቀረ። በራሳችን ተነሳሽነት ከደን ዳር ከፍለን ያመጣናቸውና የያዙልን የኮረሪማ ቀንበጦች ደግሞ «ከዘር ያልወጣ ችግኝ» ተብለው ሳይቆጠሩ ቀሩ። በርክክብ ቅጹ ላይ ከዛፍ ዝርዝሩ ሌላ ያለው ዓምድ «ሌሎች» የሚል ብቻ ነው። ኮረሪማም፣ ጥምዝም፣ ገሾም እዚያ ውስጥ ይገባሉ፤ «ሌሎች» ለሚለው ዓምድ ደግሞ ዋጋ አልተቆረጠለትም።

ስለ 60 ቀኑ ገደብ ብዙ አንናገርም። የዝግባ ዘር ድንጋይ የመሰለ ቅርፊት ስላለው ለመብቀል ወራት ይወስድበታል፤ የዋንዛም ፍሬ አንዱ ዛሬ ሌላው ከወር በኋላ ይበቅላል። መደባቸው በ60ኛው ቀን ተገልብጦ ባሕር ዛፍ ተዘራበት፤ ባሕር ዛፍ በሳምንት ሁለት ሳምንት ስለሚበቅል ሪፖርቱን አሳመረው። ስንገለብጠው ማጎንቆል የጀመሩ የዝግባ ዘሮች በእጃችን ላይ ነበሩ።

ሌላው ቅሬታችን የ30 ሴንቲ ሜትሩ በትር ነው። የርክክብ ኮሚቴው በሰኔ መጀመሪያ ሲመጣ ጫፉ ቀይ የተቀባ በትር ይዞ ነበር፤ ከቀዩ በታች የቀረው ችግኝ ሁሉ ወደ ጎን ተደረገ። ጥላ ሥር የሚኖር ተክል ለመቸኮል አልተፈጠረም። ጥቅጥቅ ባለ ደን ውስጥ ወደ መሬት የሚደርሰው ብርሃን ከላይ ከሚወርደው ጥቂት እጅ ብቻ ስለሆነ፣ ቡቃያው እናቱ በዘሩ ውስጥ የሰነቀችለትን ስንቅ መጀመሪያ የሚያውለው ለሥሩና ለጥቂት ጽኑ ቅጠሎቹ ነው፤ ቁመት ኋላ ይመጣል። በመጀመሪያ ዓመቱ አንድ ስንዝር ያልሞላ ቀረሮ የደከመ ቀረሮ አይደለም። የቡና ችግኝም ቢሆን ለተከላ መድረሱ የሚታወቀው በተጣመሩ ቅጠሎቹ ብዛትና በግንዱ ጥንካሬ ነው፤ ገበሬው ስድስት ሰባት ጥንድ ያወጣውን መርጦ ይወስዳል እንጂ በትር ይዞ አይመጣም።

በትሩ ያስከተለው ጣጣ ደግሞ ሌላ ነው። ችግኞቹ እንዲረዝሙ ተብሎ በሚያዝያ ወር የመደቦቹ ዳስ በአንድ ቀን እንዲነሳ ታዘዘ። ችግኝ ከጥላ ወደ ፀሐይ የሚሸጋገረው የዳሱ ሣር በየሳምንቱ እየሳሳለት ነው፤ ያውም ሜዳ ላይ የሚተከል ከሆነ። ዕድሜውን ሙሉ ጥላ ሥር ለሚኖረው ኮረሪማና ለጫካ ቡና ይህ ምን እንደሚጠቅም እስካሁን ያስረዳን የለም። በሦስተኛው ቀን የኮረሪማው ቅጠል ነጥቶ ጠርዙ ተቃጠለ፣ ቡናው ቢጫ ሆነ። የተረፉትን ደግሞ ዩሪያ እንድናበላቸው ተመከርን። በእርግጥ ረዘሙ፤ ነገር ግን በትሩ የማያየው ሥሩን ነው። በጠባብ ፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ የተጠማዘዘ ሥር ያለው ረጅም ችግኝ በክረምት ቆሞ ይታያል፣ በጥርና በየካቲት ፀሐይ ይወድቃል። ያን ጊዜ ግን ቆጣሪ አይመጣም።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ወደሚያሳዝነን ጉዳይ እንለፍ፤ ይኸውም «ጫካ ማጽዳት» የተባለው ነው።

በሰኔ ወር በጌራ በኩል ባለ አንድ የደን ጥግ ለተከላ ቦታ እንድናዘጋጅ ታዝዘን ስንደርስ፣ በቀን ሠራተኞች ምንጣሮው ተጀምሮ ነበር። ከትልልቆቹ ዛፎች በታች ያለው ሁሉ በገጀራ እየታጨደ ነበር፤ እኛ ግን እሾህና ሐረግ ከሚባለው መካከል ጉልበት የሚደርስ ቀረሮ፣ ሳሳ፣ ጥቁር እንጨትና ወፍ ዘራሽ ቡና አየን። አብረውን የነበሩ ሐጂ ብለን የምንጠራቸው ሽማግሌ ከተቆረጡት አንዱን የቀረሮ ጉቶ በእጃቸው ይዘው «ይህ የልጅ ልጄን ያህል ዕድሜ አለው» አሉን። በዚያው ቦታ በማግስቱ ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ከከተማ አጠገብ ካለ ጣቢያ በመኪና የመጣ ግራቪሊያ የተባለ የውጭ አገር ዛፍ ተተከለበት። መንግሥት ገንዘብ አውጥቶ በነጻ የበቀለውን ችግኝ አስቆረጠ፣ እንደገና ገንዘብ አውጥቶ ሌላ አስተከለ ማለት ነው።

«ዘሩ አፈር ውስጥ አለ፣ ተመልሶ ይበቅላል» ተባልን። ይህ አባባል ለአረም እውነት ነው፤ ለደን ዛፍ ግን አይደለም። ፕሮፌሰር ደመል ተከታይ በአገራችን ደረቅ ደጋ ደኖች አፈር ውስጥ የተቀበረውን ዘር አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት ሥራ፣ ከአፈሩ የሚገኘው ዘር በብዛት የሣርና የቅጠላቅጠል መሆኑን፣ አብዛኞቹ የደኑ ዛፎች ግን በአፈር ውስጥ ይህ ነው የሚባል የዘር ክምችት እንደሌላቸው አሳይተዋል። ዘራቸው መድረቅን በማይችል እርጥበት አፍቃሪ ዛፎች ዘንድ ደግሞ በአፈር ውስጥ ተኝቶ የሚጠብቅ ዘር መመኘት የበለጠ ከንቱ ነው። እነዚህ ዛፎች ያላቸው ተቀማጭ በጥላው ሥር ዓመታት ሙሉ አንገታቸውን ደፍተው የሚጠብቁት ችግኞች ናቸው። አንድ ትልቅ ዛፍ ሲወድቅና ብርሃን ሲገባ ከእነርሱ አንዱ ቀና ይላል። እነርሱ ከታጨዱ ቀሪ ተቀማጭ የለም፤ የጣሪያው ዛፍ እስከ ዕድሜው ቆሞ ይታያል እንጂ የሚተካው አይኖርም።

እዚህ ላይ የራሳችንንም ጥፋት ሳንናገር ብናልፍ ፍትሕ አይሆንም። እኛም፣ ጎረቤቶቻችንም ቡና ከመልቀማችን በፊት በየዓመቱ ከቡናው ሥር ያለውን እንመነጥራለን። በዚህ ምክንያት በብዙ የቡና ደኖቻችን ውስጥ አሮጌ ዛፍና ቡና እንጂ መካከለኛ ዕድሜ ያለው ዛፍ እምብዛም አይታይም። ነገር ግን ገበሬ ቢያንስ ለጥላ የሚፈልገውን አንዳንድ የሳሳና የብርብራ ችግኝ እያየ ያልፋል። የቀን ሠራተኛው በካሬ ሜትር ስለሚከፈለው ምንም አያልፍም። ከዚያም በላይ የተመነጠረው ለቡና ተብሎ በተያዘ ቦታ ሳይሆን ቡና ባልገባበት ጥቁር ደን ውስጥ ነው። «በለጠ ጌራ» በሚባለው ደን እ.ኤ.አ. በ2003 በጃፓን ዓለም አቀፍ የትብብር ድርጅት ድጋፍ በተጀመረው አሳታፊ የደን አስተዳደር ነዋሪዎች ተደራጅተው፣ የትኛው ቦታ ለቡና፣ የትኛው ሳይነካ ለደን እንደሚቆይ እየተመካከሩ ወሰን ሲያበጁ ያየን ሰዎች ነን። ያን ያህል የተደከመበት ልምድ እያለ ምንጣሮ በደብዳቤ መታዘዙ አልገባንም።

በ2011 ዓ.ም. ሐምሌ 22 ቀን በአንድ ጀምበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ሲባል እኛም ጭቃ ውስጥ ነበርን፤ ዛሬም ቢሆን መትከልን አንቃወምም። የምንቃወመው የተከላው ቀን ቁጥር የሥራው መጨረሻ ተደርጎ መወሰዱን ነው።

ስለዚህ የሚከተሉት እንዲፈጸሙልን እንጠይቃለን። የቡና፣ የቀረሮ፣ የዶቅማ፣ የጥቁር እንጨትና የመሳሰሉት ዘሮች ከመጋዘን ሥርዓቱ እንዲወጡና ለቃሚው በለቀመ በቀናት ውስጥ በአቅራቢያው ባለ ጣቢያ እንዲዘራቸው ይፈቀድ፤ ቡናው የግድ መቆየት ካለበት ከነስስ ሽፋኑ በጥላ ሥር ጠፈፍ ብሎ፣ አየር በሚያገኝ ዕቃ ለአጭር ጊዜ ብቻ ይቀመጥ። ማንኛውም ዘር ከመከፋፈሉ በፊት ጥቂቱ በቢላ እየተከፈለ በሁለቱም ወገን ፊት ይታይና በቃለ ጉባኤ ይያዝ፤ የሞተ ዘር ተልኮልን እኛ የምንከሰስበት አሠራር በዚሁ ይቁም። በዚህ ዓመት «በእንክብካቤ ጉድለት» የተቀነሰብን ክፍያ እንደገና ታይቶ ይመለስልን። የ60 ቀኑ ገደብ እንደ ዘሩ ዓይነት ይለይ፤ የቁመት በትሩም ለጥላ ተክሎች ቀርቶ በቅጠል ጥንድ፣ በግንድ ጥንካሬና ከየመደቡ ጥቂት ቱቦ ቀዶ ሥርን በማየት ይተካ።

በርክክብ ቅጹ ላይ ለኮረሪማ፣ ለጥምዝና ለሌሎች የደን ውስጥ ተክሎች በስማቸው ዓምድና ዋጋ ይውጣላቸው፤ ከግንድ ተከፍሎ የተባዛውም እንደ ችግኝ ይቆጠር። በደን ውስጥ ምንም ዓይነት ምንጣሮ ከመደረጉ በፊት ከማኅበራችን ሁለት ሰዎች፣ ከጽሕፈት ቤቱ አንድ ባለሙያ ሆነው ቦታውን በእግር ይዙሩ፣ ወፍ ዘራሹን ችግኝ ቃጫ አስረው ምልክት ያድርጉበት፤ በቂ ችግኝ በራሱ በበቀለበት ቦታ ተከላ ይቅርና ጥበቃ ብቻ ይመደብለት። የተከላ ክፍያው ከፊሉ በሚቀጥለው ዓመት መጋቢት፣ ችግኙ አንድ በጋ ካለፈው በኋላ በሚደረግ ቆጠራ ይከፈል፤ ይህ የእኛንም ኪስ እንደሚያዘገይ እያወቅን ነው የምንጠይቀው።

የቡናው እሸት በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት መቅላት ይጀምራል። መመሪያው እስከዚያ ካልታረመ የዚህን ዓመት ዘር ለቅመን በኅዳር ትእዛዝ ወደዚያው ቆርቆሮ መጋዘን ማስገባታችን ነው። ስለዚህ እስከ መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም. የጽሑፍ መልስ እንዲሰጠን እንጠይቃለን። ከዚያ በፊት ወደ ጣቢያችን ብቅ ካሉ፣ ያልተገለበጠ አንድ የዝግባ መደብ አስቀርተናል፤ አሁን እየበቀለ ነው።

ከአክብሮት ጋር

የማኅበሩ ጸሐፊ
በዘር ለቃሚዎችና በችግኝ ጣቢያ ሠራተኞች ስም
ጅማ

ግልባጭ፦
ለወረዳዎቹ የግብርና ባለሙያዎች
ለደን ተጠቃሚ ማኅበራት ሊቃነ መናብርት